ፑንታ፣ ቢትና ምላጭ የሚቀመጡባቸው ሳጥኖች፦ በጅማ ገበያ የሚገኙት ሲመዘኑ

በጅማ መርካቶ ዙሪያ ወዳሉት የሕንፃ መሣሪያ መደብሮች ገብቶ ለፑንታና ለቢት፣ ማለትም በማሽን ላይ ለሚገጠሙ የመብሻና የብሎን ማሰሪያ ጫፎች፣ ማስቀመጫ የሚሆን ሳጥን የሚጠይቅ ሰው፣ ባለሱቁ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነግረው የክፍሎቹን ብዛት ነው። «ይኼ ባለ አሥራ ስምንት ነው፤ ያኛው ደግሞ ባለ ሠላሳ ስድስት» ይባላል፤ ገዢውም ቁጥሩ የበዛውን አንሥቶ ይሄዳል። በእኔ ግምት ግን የክፍል ብዛት ከሁሉ በኋላ የሚጠየቅ ጉዳይ ነው። አስቀድሞ መታየት ያለበት ክዳኑ ሲዘጋ የክፍሎቹ ግድግዳ ከክዳኑ ጋር የሚገጥም መሆኑ፣ ቀጥሎ ክዳኑ የሚታጠፍበት ቦታ ከምን እንደተሠራ፣ ከዚያም ሳጥኑ እርጥበትን አምቆ የሚይዝ መሆን አለመሆኑ ነው። ከዚህ በታች ያሉትን ሳጥኖች የመዘንኳቸው በዚህ ሚዛን ነው። ሁሉም እዚሁ ጅማ የተገዙ ሲሆኑ፣ አገልግሎት የሰጡትም ቁም ሳጥን፣ የኪችን ካቢኔትና በር በሚሠራበት፣ ግማሹ ሥራ በቤት ግማሹ ደግሞ በደንበኛ ግቢ በሚጠናቀቅበት አነስተኛ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ ነው።

በብዛት የሚሸጠውና ዋጋውም ዝቅ ያለው፣ ግድግዳዎቹ እየተነቀሉ የሚተከሉበት ጥርት ያለ የፕላስቲክ ሳጥን ነው። ባለቤቱ ክፍሉን እንደ ዕቃው መጠን ለማስፋትም ለማጥበብም ስለሚችል ሲታይ የሚማርክ ነው። ጉድለቱ የሚታወቀው ከተሞላ በኋላ ነው፤ ተነቃዩ ግድግዳ ከክዳኑ እስከ አራት ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ይቀራል። ለብሎንና ለፊሸር (ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ብሎን ለሚይዘው ፕላስቲክ) ይህ ክፍተት ብዙም አያሳስብም። እንደ ድሬሜል ያለ አነስተኛ ማሽን የሚጠቀምባቸው ጥቃቅን መቅረጫዎችና ማለስለሻዎች ግን አንገታቸው፣ ማለትም ማሽኑ የሚጨብጠው ክፍል፣ ውፍረቱ 3.2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ 2.4 ሚሊ ሜትር የሆኑም አሉባቸው። ሳጥኑ በጎኑ ከቆመ በዚያች ክፍተት ሾልከው ወደ ጎረቤት ክፍል ይገባሉ። ጅማ ላይ ደግሞ ዕቃ ወደ ደንበኛ ቤት የሚሄደው በባጃጅ ነው። ባጃጅ በኮብልስቶን ላይ የሚያደርገውን መንገጫገጭ፣ በተለይም ወደ ጅሬን ዳገት ሲወጣ የሚያሰማውን ድምፅ የሚያውቅ ሰው፣ እንዲህ ባለ ሳጥን ተለይቶ የተጫነ ዕቃ ተለይቶ ይደርሳል ብሎ አይጠብቅም። አንዱን ከሌላው ለመለየት የሚጠፋው ጊዜ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ ቀላል በሆነ ነበር፤ ባለ ስለት ቁርጥራጮች እርስ በርሳቸው ሲጋጩ ስለታቸው ይዶለዱማል፤ ጫፋቸው ካርባይድ የሆኑት ደግሞ ይሸራረፋሉ። ካርባይድ ከብረት ይልቅ እጅግ ጠንካራ ቢሆንም ሲመታ የሚሰበር ነገር ስለሆነ፣ አንድ የራውተር (የእንጨት ጠርዝና ጎድጓዳ የሚቀርጽ ማሽን) ቢት በሥራ ላይ ከሚጎዳው ይልቅ በሳጥን ውስጥ ሲንከባለል የሚጎዳው ሊበልጥ ይችላል።

ስለ ፕላስቲኩም አንድ ነገር ማለት ይገባል። ከአብዛኞቹ ሳጥኖች ሥር ሦስት ማዕዘን ምልክት አለ፤ በውስጡም ቁጥር ተጽፏል። 5 ቁጥር ፖሊፕሮፒሊን ማለት ነው፤ ሲታጠፍ የማይሰነጠቅ፣ ክዳንና ገላው ያለ ብረት ማጠፊያ በስስ ፕላስቲክ ተያይዞ ብዙ ሺህ ጊዜ ቢከፈትና ቢዘጋ የሚችል ነው። 6 ቁጥር ፖሊስታይሪን ነው፤ እንደ መስታወት የጠራና በመደርደሪያ ላይ ሲታይ የሚያምር፣ ነገር ግን ከሥራ ጠረጴዛ ሲወድቅ የሚሰበር ነው። ጥርት ያለውን ሳጥን የሚመርጥ ገዢ ሳያውቀው ብዙውን ጊዜ 6 ቁጥሩን ይመርጣል። ከሱቅ ሳይወጡ ሳጥኑን ገልብጦ ይህን ቁጥር ማንበብ ጊዜ የሚወስድ ነገር አይደለም። ቁጥሩ ከሌለም የክዳኑን ጠርዝ በአውራ ጣት ገፋ ማድረግ ይበቃል፤ ፖሊፕሮፒሊን እሺ ብሎ ይታጠፋል፤ ሌላው ግትር ብሎ ይንጫጫል። ባለሱቁ ከፈቀደ ደግሞ ከመደርደሪያው ጥቂት ቀጫጭን ሚስማር ወስዶ በአንዱ ክፍል ውስጥ አድርጎ፣ ክዳኑን ዘግቶ፣ ሳጥኑን ገልብጦ መነቅነቅ ነው። ሚስማሩ ካለበት ካልተንቀሳቀሰ የሚገዛ ሳጥን ነው። አንዳንዱ ባለሱቅ በዚህ ይስቃል፤ አንዳንዱ ደግሞ ራሱ ማየት ስለሚፈልግ ሌሎቹንም ሳጥኖች ያወርዳል።

ከሞከርኳቸው ሁሉ የመጀመሪያውን ደረጃ የምሰጠው በሁለት ወገን ለሚከፈተው፣ ገላው ጥቁር ለሆነውና መሐሉ በአንድ ወፍራም ወለል ለተከፈለው የእጅ ሳጥን ነው። አንድ ዓይነቱ ሳጥን በተለያየ ስም ስለሚሸጥ የስሙ ጉዳይ ገዢውን ሊያስጨንቀው አይገባም። በአንደኛው ወገን ግድግዳቸው የማይነቀል፣ ከክዳኑ የውስጥ መስመር ጋር የሚገጥሙ ክፍሎች አሉት፤ በሌላው ወገን ቢት እየተሰካ የሚቆምባቸው መደዳዎችና ባለ ቀዳዳ የጎማ ማቆሚያ አሉት። የዚህ ሳጥን ዋናው ጥቅሙ ሁሉንም ነገር በአንድ ላይ መያዙ ሳይሆን፣ ዕቃው በቁመቱ እንዲቆምና ጽሑፉ እንዲነበብ ማድረጉ ነው። የካቻቪቴ ቢት አንገቱ ስድስት ማዕዘን ሆኖ ስፋቱ ሩብ ኢንች፣ ማለትም 6.35 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ አጭሩ የ25፣ ረጅሙም የ50 ሚሊ ሜትር ቢት በአንድ መደዳ ላይ ይሰካሉ። ሲሰኩ ጫፋቸው ወደ ላይ ስለሚሆን፣ ፒኤች 2 የሚባለውን ቢት ከፒዜድ 2 መለየት ይቻላል። ሁለቱም መስቀል ናቸው፤ የኋለኛው ግን በአራቱ ክንፎች መካከል ሌሎች ቀጫጭን መስመሮች አሉት። የኪችን ካቢኔት ማጠፊያ የሚታሰርባቸው የቺፕውድ ብሎኖች በአብዛኛው የኋለኛውን ዓይነት የሚፈልጉ ናቸው። በሌላው ሲታሰሩ ቢቱ ይንሸራተትና የብሎኑን ራስ ይበላዋል፤ ከዚያ በኋላ ያንን ብሎን መንቀል ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

የጎማ ማቆሚያውን ከሁሉ ይበልጥ ወድጄዋለሁ። የራውተር ቢቶች በገበያችን ላይ በሁለት የአንገት ውፍረት ተደባልቀው ይሸጣሉ፤ አንዱ 6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሌላው 6.35 ሚሊ ሜትር። በመካከላቸው ያለው ልዩነት 0.35 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ዓይን አይለየውም፤ ማሽኑ ግን ይለየዋል። ለሩብ ኢንች በተሠራ ኮሌት (ቢቱን በሚጨብጠው የማሽኑ አፍ) ውስጥ የ6 ሚሊ ሜትር ቢት ቢገባ ጠበቅ ያለ ይመስላል፤ ማሽኑ በደቂቃ እስከ 30,000 ዙር መሽከርከር ሲጀምር ግን ቢቱ ቀስ እያለ ወጥቶ እንጨቱን ያበላሻል፤ ሲከፋም ሰው ላይ ይወረወራል። በዚህ ሳጥን የጎማ ማቆሚያ ላይ ሩብ ኢንቹ ጥብቅ ብሎ ሲገባ 6 ሚሊ ሜትሩ ደግሞ ላላ ብሎ ይገባል፤ ይህ ብቻውን ግማሽ መለያ ነው። ቀሪውን ግማሽ የሠራነው በጥፍር ቀለም ነው፤ የሩብ ኢንቹ መደዳ ዳር ዳሩ ቀይ ተቀብቷል። ከዚያ ወዲህ በሥራ መሐል የሚደረገው ንግግር አጭር ሆኗል።

«ጋሼ፣ ይቺ ስድስት ናት ሩብ?»

«ከየትኛው መደዳ አነሣሃት?»

«ከቀዩ።»

«እንግዲያው ሩብ ናት፤ ግጠማት።»

የጂግሶ (ምላጩ ወደ ላይና ወደ ታች እየተመላለሰ የሚቆርጥ የእጅ መጋዝ ማሽን) ምላጮችም በዚሁ ወገን ባለው ጠባብ ስንጥቅ ውስጥ ይቆማሉ። እዚህ ላይ ሳጥኑ አንድ ብልህነት አለው፤ ምላጩ የሚገባው በጥርሱ በኩል ሲሆን አንገቱ ወደ ላይ ይቀራል። የምላጩ ስምና ቁጥር የሚጻፈው አንገቱ ላይ ስለሆነ ሳይወጣ ይነበባል፤ ጥርሱም እጅ አይቧጭርም። ቲ101ቢ የሚለው ለንጹሕ የእንጨት ቁርጥ፣ ቲ144ዲ የሚለው ወፍራም እንጨትን በፍጥነት ለመቁረጥ፣ ቲ118ኤ የሚለው ደግሞ ለስስ ብረት የተሠራ ነው። በሥራ ላይ እነዚህን የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው፤ ምክንያቱም ሁሉም ምላጮች በአንድ የላስቲክ ከረጢት ውስጥ ተዘበራርቀው ስለሚቀመጡ ነው። በመጀመሪያ ፊደላቸው የተመለከተው ቲ ቅርጽ ያለው አንገት ቦሽ ያስለመደው ሲሆን ዛሬ በአብዛኞቹ ጂግሶዎች ላይ ይገጥማል፤ አሮጌ ጂግሶ ያለው ሰው ግን የዩ ቅርጽ አንገት ያለውን ምላጭ ስለሚፈልግ ሁለቱን በአንድ ስንጥቅ ባይቀላቅል ይሻለዋል።

ይህ ሳጥን ያለ ጉድለት አይደለም። የውስጥ ስፋቱ ለረጃጅም ፑንታዎች አይበቃም። በመደበኛው ርዝመት የተሠራ 8 ሚሊ ሜትር የብረት ፑንታ 117 ሚሊ ሜትር ስለሚረዝም በመከራ ይገባል፤ 133 ሚሊ ሜትር የሚሆነው ባለ 10 ግን በሰያፍ ካልሆነ አይገባም፤ በሰያፍ ከገባ ደግሞ የሁለት ክፍል ቦታ ይወስዳል። መቆለፊያዎቹም ደካማ ናቸው። በመጋዝ ዱቄት የተሞላ መቆለፊያ በደንብ የተዘጋ መስሎ ይታይና ሳጥኑ በእጀታው ሲነሣ በአንድ ወገን ይከፈታል፤ ስለዚህ ከመዘጋቱ በፊት ጎድጓዳውን በብሩሽ መጥረግ ያስፈልጋል። ሳጥኑ በሁለት ወገን የሚከፈት ስለሆነም የታችኛው ክዳን ሳይቆለፍ የላይኛውን ከፍቶ የሚያነሣ ሰው ዕቃውን ወለል ላይ ያገኘዋል። የመቆለፊያ መቀየሪያ በከተማው ሲሸጥ አላየሁም። ከሱቅ ሲገዛ በአንደኛው ወገን የሚገኘውን ስፖንጅ ደግሞ ወዲያውኑ አውጥቶ መጣል ይሻላል፤ ምክንያቱን ቀጥሎ አነሣዋለሁ።

ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ በዓመት በአማካይ 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት፤ ዝናቡም እንደ ሌላው አገር በክረምት ብቻ የሚወሰን ሳይሆን ከመጋቢት ጀምሮ እስከ መስከረም መጨረሻ ድረስ የሚዘልቅ ነው። ቡናውን ያበቀለው ይኸው እርጥበት ብረቱን ያዝገዋል። በአየር ውስጥ ያለው አንጻራዊ እርጥበት ወደ 60 በመቶ ሲጠጋና ሲያልፍ ያልተቀባ ብረት ላይ ዝገት መፍጠን ይጀምራል፤ የእኛ ክረምት ከዚህ በላይ የሚያልፍባቸው ሌሊቶች ብዙ ናቸው። ስለዚህ ሰዎች «ጎማ ያለው፣ ውሃ የማያስገባ ሳጥን ይሻላል» ሲሉ ይሰማል። በከፊል ልክ ናቸው። ክዳኑ ዙሪያውን በጎማ የተከበበ ሳጥን በባጃጅ ጀርባ ላይ ዝናብ ሲያገኘው ይጠቅማል፤ ነገር ግን እርጥብ አየር ካስገባ በኋላ ያንኑ አየር ቆልፎበት ያድራል። ሌሊት ሲቀዘቅዝም እርጥበቱ በብረቱ ላይ ጤዛ ሆኖ ይቀመጣል። ስፖንጅ ያለበት ሳጥን ደግሞ የባሰ ነው፤ ስፖንጁ ውሃ ስለሚይዝ ፑንታው በነካው መስመር ልክ ቡናማ ዝገት ያወጣል። ጎማ የሌለው ነገር ግን ዕቃውን በአየር ላይ የሚያቆም ሳጥን፣ ጎማ ኖሮት ዕቃውን በስፖንጅ ላይ ከሚያስተኛ ሳጥን ይሻላል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። አዲስ ጫማ ወይም የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሲገዛ በካርቶኑ ውስጥ የምትገኘው ትንሽ ከረጢት ሲሊካ ጄል ናት፤ ከክብደቷ ሲሦ ገደማ የሚሆን እርጥበት መምጠጥ ትችላለች። ከረጢቷ ስትጠግብ ፍሬዎቹን አውጥቶ ለምግብ በማያገለግል ብረት ድስት ላይ በለስላሳ እሳት፣ ወደ 120 ዲግሪ ገደማ በሆነ ሙቀት ማድረቅና እንደገና መጠቀም ይቻላል፤ ፍሬያቸው ቀለም የሚቀይሩት ግን ቀለም የሚለውጥ ኬሚካል ስላለባቸው ባይሞቁ ይመረጣል። ከዚህ ጋር በማሽን ዘይት ርሶ የተጨመቀ ጨርቅ ወስዶ የፑንታውን ገላ ጠረግ ጠረግ ማድረግ ነው። የእንጨት ፑንታ ላይ ዘይቱ ሊበዛ አይገባም፤ በጥሩ ዋንዛ ላይ የመጀመሪያው ቀዳዳ ዙሪያውን ይበክላል፤ ቫርኒሽ ሲቀባም እድፉ ይወጣል።

ለረጃጅም ፑንታዎች የሚሆነው ሌላው ዓይነት፣ ሲከፈት እንደ ደረጃ እየተነሣ የሚቆመው የቆርቆሮ ሳጥን ነው። ከ1 እስከ 13 ሚሊ ሜትር በግማሽ ሚሊ ሜትር ልዩነት የተደረደሩ 25 ፑንታዎችን ይይዛል፤ ትንሹ ደግሞ ከ1 እስከ 10 ያሉትን 19 ይይዛል። ይህ ሳጥን በሥርዓት ማስያዝ ረገድ አቻ የለውም፤ የጎደለው ፑንታ በባዶ ቀዳዳው ወዲያውኑ ይታወቃል፤ የሥራ ቤቱ ሰዎችም አንዱ ሌላውን ሳይጠይቅ ማን ምን እንዳልመለሰ ያውቃሉ። ባዶውን ሳጥን ብቻ የሚሸጥ መደብር ግን ማግኘት ያስቸግራል፤ አብረው የሚመጡት ፑንታዎች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሳጥኑ ያነሱ ናቸው። ለቆርቆሮው የተቀባው ቀለም ከማጠፊያዎቹ ላይ ቶሎ ስለሚላጥ ዝገት የሚጀምረው እዚያ ነው፤ ቁጥሮቹም በቀለም ብቻ የታተሙ ከሆኑ በእጅ ላብ ይጠፋሉ። በብረቱ ላይ የተቀረጹ ቁጥሮች ያሉት ከተገኘ ጥቂት ብር ጨምሮ እሱን መውሰድ ነው።

የግራይንደር ዲስኮችን ከእነዚህ ሳጥኖች በአንዱም ውስጥ ማስቀመጥን አልመክርም። 115 ሚሊ ሜትሩ በብዙ ሳጥኖች ውስጥ ይገባል፤ ነገር ግን በሙጫ የተያያዘ የመቁረጫ ዲስክ ሊጣመም በማይችልበት ሁኔታ ጠፍጣፋ ሆኖ፣ ከእርጥበትና ከክብደት ርቆ መቀመጥ አለበት። እርጥበት የሙጫውን ጥንካሬ ይቀንሳል። በአውሮፓው ኢኤን 12413 በሚባለው መስፈርት መሠረት የተሠሩ ዲስኮች በመሐላቸው ባለው የብረት ቀለበት ላይ የመጠቀሚያቸው ማብቂያ ወርና ዓመት ተቀርጾ ይገኛል፤ ይህም ከተመረቱበት ቀን ከሦስት ዓመት አይበልጥም። ጽሑፉ በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሆነ፣ በእኛ ዘመን አንብቦ «ገና ብዙ ዓመት አለው» ብሎ መሸወድ አይገባም። ጊዜው ያለፈበትን ዲስክ በቅናሽ የሚያቀርብ ሱቅ ካጋጠመ ሳይጨቃጨቁ መውጣት ነው።

ገንዘብ ለማውጣት ያላሰበ ሰው ደግሞ ጅማ ውስጥ ሌላ አማራጭ አለው። በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ በሚወጣበት ከተማ ውስጥ ለፑንታ ማቆሚያ የሚሆን የዋንዛ ቁራጭ አይጠፋም። ከፑንታው ውፍረት ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል የሰፋ ቀዳዳ በእያንዳንዱ ልክ መብሳት፣ ከጎኑም ቁጥሩን በመሮ ወይም በጋለ ሚስማር መጻፍ ብቻ ይበቃል። እንጨቱ ግን የደረቀ መሆን አለበት፤ እርጥብ እንጨት ውስጥ የቆመ ፑንታ ከታች ጀምሮ ይዝጋል፤ ቀዳዳውም እንጨቱ ሲደርቅ ተጣምሞ ፑንታውን ይጨመድደዋል። በሥራ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ ይህ ቁራጭ ከማንኛውም የተገዛ ሳጥን ይበልጥ ምቹ ነው። የማይሆነው ለጉዞ ነው።

በዋጋ ረገድ ባለ ሁለት ወገኑ ሳጥን ከጥርት ባለው ሳጥን ሁለት እጥፍ ገደማ ይጠየቅበታል፤ ተደራድሮ ማስቀነስ ይቻላል፤ በተለይ ሁለት አብሮ ለሚገዛ። ሁለት መግዛቱንም እመክራለሁ፤ አንድ ትልቅ ከመግዛት ሁለት ትንንሽ መግዛት ይሻላል። አንዱን ለቢትና ለራውተር፣ ሌላውን ለድሬሜል ቁርጥራጮችና ለጂግሶ ምላጭ ማድረግ ይቻላል፤ በደንበኛ ቤት ቁም ሳጥን ለመግጠም የሚሄድ ልጅም የመጀመሪያውን ብቻ ይዞ ይወጣል። ትልቁ ሳጥን ሲሞላ ስለሚከብድ እጀታው ከተያያዘበት ቦታ መሰንጠቅ ይጀምራል፤ ይህንንም በሱቅ ውስጥ ባዶውን አንሥቶ ማወቅ አይቻልም።

ኤስዲኤስ ፕላስ የሚባለውና አንገቱ 10 ሚሊ ሜትር የሆነው የኮንክሪት ፑንታ ለእነዚህ ሁሉ ሳጥኖች ይረዝማል፤ ይከብዳልም። ለእሱ የሚሻለው በመርካቶ ልብስ ሰፊዎች ዘንድ ከሸራ ጨርቅ የሚሰፋ ባለ ኪስ ጥቅልል ነው። ኪሶቹ ከፑንታው ርዝመት ሁለት ሦስተኛውን ብቻ እንዲሸፍኑ፣ ከላይም ጫፉን የሚሸፍን ክዳን ጨርቅ እንዲተርፍ፣ ስፌቱም ከታች በኩል ሁለት ጊዜ እንዲደገም ለሰፊው አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ የካርባይዱ ጫፍ ሸራውን በስቶ ይወጣል።